የቀርከሃ የማዕድ ቤት ዕቃዎችና የአውሮፓ ኅብረት ደንቦች

የቀርከሃ የማዕድ ቤት ዕቃዎች ከቀርከሃ የሚሠሩ ማንኪያ፣ ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ መክተፊያ፣ ትሪ፣ ሳህንና ኩባያ የመሳሰሉ ምግብ የሚነካቸው ዕቃዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሆነው ቆላማ ቀርከሃ በብዛት ከሚበቅልባቸው ቦታዎች ዋነኛው አሶሳና አካባቢው፣ በሰፊው ደግሞ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ዕቃዎቹ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲላኩ የሚዳኙት ከምግብ ጋር ለሚነካኩ ዕቃዎች በወጣው ሕግ ነው።

ይህ ሕግ የሚጠይቀው ዕቃው ከምን እንደተሠራ ብቻ አይደለም። ከዕቃው ወጥቶ ወደ ምግቡ የሚገባው ምን እንደሆነና መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ ከአንድ ጫካ የተቆረጠ ቀርከሃ እንደ ግንዱ ተጠርቦ ማንኪያ ሲሆን ወደ ገበያው ሊገባ ይችላል፤ ተፈጭቶ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ኩባያ ሲሆን ግን አይፈቀድለትም። ለአምራቹም ሆነ ለላኪው የዚህ ልዩነት ምክንያት መታወቁ የመላክና ያለመላክ ጉዳይ ነው።

ጥሬ ዕቃው

በኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሉ። አንደኛው በደጋ የሚበቅለውና ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋ ቀርከሃ ሲሆን በአዊ፣ በሲዳማና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች ይገኛል። ሁለተኛው ሽመል ተብሎ የሚጠራው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ይባላል። የሽመል ግንድ እንደ ደጋው ቀርከሃ ክፍት ሳይሆን በአብዛኛው ድፍን ነው። የአገሪቱ የቀርከሃ ሽፋን ለረጅም ጊዜ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተብሎ ሲገመት ቆይቷል፤ ከዚህም የሚበዛው የቆላ ቀርከሃ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሽመል ለቤትና ለአጥር መሥሪያ፣ ለአልጋ፣ ለወንበር፣ ለቅርጫትና ለማገዶ ይውላል። በክረምት የሚወጣው ለጋ ቡቃያውም በክልሉ ሕዝቦች ዘንድ ይበላል። ግንዱ ድፍን መሆኑ ለጥርብ ሥራ ያመቻል፤ ማንኪያና ማማሰያ ከአንድ ቁራጭ ያለ ሙጫ ሊወጣ ይችላል። ከክፍት ቀርከሃ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ለመሥራት ግን ግንዱን ሰንጥቆ በሙጫ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት፣ ከታች እንደሚታየው፣ በአውሮፓ ሕግ ፊትም ዋጋ አለው።

መሠረታዊው ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት ከምግብ ጋር የሚነካኩ ዕቃዎችን ሁሉ የሚያስተዳድረው ደንብ ቁጥር 1935/2004 ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 የወጣ ሲሆን ለእንጨት፣ ለብረት፣ ለፕላስቲክ፣ ለሸክላ፣ ለወረቀትና ለሌሎችም ይሠራል። የደንቡ እምብርት አንቀጽ 3 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ዕቃው በተለመደው ወይም ሊገመት በሚችል አጠቃቀም ላይ ሳለ ሦስት ጉዳት በሚያስከትል መጠን ንጥረ ነገር ወደ ምግብ ማሳለፍ የለበትም፦

የመጀመሪያው የሰውን ጤና አደጋ ላይ መጣል ነው።
ሁለተኛው የምግቡን ይዘት ተቀባይነት በሌለው ሁኔታ መለወጥ ነው።
ሦስተኛው የምግቡን ጣዕም፣ ሽታ ወይም መልክ ማበላሸት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በጭስ የደረቀ ማንኪያ መርዛማ ነገር ባይኖርበት እንኳ የጭሱ ሽታ ወደ ወተት ወይም ወደ ሩዝ የሚገባ ከሆነ ደንቡን ሊያስጥስ ይችላል። ይኸው አንቀጽ የዕቃው ጽሑፍና ማስታወቂያ ገዢውን ማሳሳት እንደሌለበትም ይደነግጋል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሠራው ደንብ ቁጥር 2023/2006 መልካም የአመራረት ሥርዓትን ይመለከታል። ጥሬ ዕቃ እንዴት እንደተመረጠ፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደተከናወነ፣ ጥራቱ በማን እንደታየና ይህ ሁሉ በምን መዝገብ ላይ እንደሰፈረ መታወቅ አለበት ይላል። ደንቡ የወጣው ለፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ በማኅበር ተደራጅተው በእጅ የሚሠሩ አምራቾችም ቀለል ያለ መዝገብ በመያዝ ሊያሟሉት ይችላሉ።

ግንድና ዱቄት

ለተፈጥሮ ቀርከሃ፣ ማለትም እንደ ግንዱ ለተጠረበ፣ ለተሰነጠቀ ወይም ለተሸመነ ቀርከሃ፣ በኅብረቱ ደረጃ የተለየ ዝርዝር ደንብ የለም። ዕቃው የሚዳኘው በአጠቃላዩ ደንብ 1935/2004ና እያንዳንዱ አባል አገር ባለው ብሔራዊ ሕግ ነው። ስለዚህ ለጀርመን ገዢ የበቃ ሰነድ ለጣሊያን ወይም ለፈረንሳይ ገዢ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል።

የቀርከሃ ዱቄት ጉዳይ ሌላ ነው። በአውሮፓ መደብሮች ለዓመታት «የቀርከሃ ኩባያ» እየተባለ የተሸጠው ዕቃ በአብዛኛው የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት የሜላሚን ፕላስቲክ ነበር። ሜላሚን ፕላስቲክ የሚሠራው ከሜላሚንና ከፎርማልዴሃይድ ነው። ዕቃው አንድ ጊዜ ፕላስቲክ ከሆነ በደንብ ቁጥር 10/2011 ሥር ይወድቃል። ይህ ደንብ በፕላስቲክ ውስጥ ሊጨመሩ የሚችሉትን ንጥረ ነገሮች በዝርዝር ያስቀምጣል፤ በዝርዝሩ የሌለ ነገር መጨመር የተከለከለ ነው። ቀርከሃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አምራቾች ይከራከሩበት የነበረው ነጥብ በዝርዝሩ ላይ ያልታከመ የእንጨት ዱቄትና ጭረት ተጠቅሶ መገኘቱ ነበር። ቀርከሃ ግን በሥነ ዕፅዋት ረገድ ዛፍ ሳይሆን የሣር ወገን ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አስተያየት የእንጨት ዱቄትም ቢሆን በጅምላ ደኅና ነው ሊባል እንደማይችልና እያንዳንዱ የዕፅዋት ዓይነት ለብቻው መመርመር እንዳለበት ገለጸ። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያሉ ኩባያዎች ትኩስ መጠጥ ሲቀዳባቸው ከፍተኛ መጠን ያለው ፎርማልዴሃይድና ሜላሚን ሊለቁ እንደሚችሉ አስታወቀ። ለፎርማልዴሃይድ የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ግራም ምግብ 15 ሚሊ ግራም፣ ለሜላሚን ደግሞ 2.5 ሚሊ ግራም ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የአውሮፓ ኮሚሽንና አባል አገሮች እነዚህን ዕቃዎች ከድንበርና ከመደብር ለማስወገድ የጋራ የቁጥጥር ዘመቻ ጀመሩ። የተከለከለበት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው ያልተፈቀደ ንጥረ ነገር በፕላስቲክ ውስጥ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ፕላስቲኩን «ተፈጥሯዊ» እና «ለአካባቢ ተስማሚ» እያሉ መሸጥ ገዢን ማሳሳት መሆኑ ነው። ዘመቻው ሙሉ በሙሉ ከቀርከሃ የተሠሩ ዕቃዎችን አልነካም። ሆኖም «ቀርከሃ» የሚለው ስም በተቆጣጣሪዎች ዘንድ ጥርጣሬ ስለሚቀሰቅስ፣ ላኪው ዕቃው ፕላስቲክ የሌለበት መሆኑን በግልጽ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከነቀዝ መከላከልና የኬሚካል ጥያቄ

የተቆረጠ ቀርከሃ ስታርች ስላለበት ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። ለግንባታና ለቤት ዕቃ የሚውለው ቀርከሃ በብዙ አገሮች በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሁድ ተነክሮ ይታከማል። ዘዴው ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ምግብ ለሚነካ ዕቃ ግን አይመከርም። ምክንያቱም የቦሮን ጨዎች በውኃ ይሟሟሉ፤ በውኃ የሚሟሟ ነገር ደግሞ ከማንኪያው ወደ ሾርባው ይሄዳል። ቦሪክ አሲድ በአውሮፓ ኅብረት የመራባት ጤናን የሚጎዳ ተብሎ የተመደበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እጅግ አሳሳቢ በሆኑ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ የአሶሳ አምራች ለወንበርና ለማንኪያ የሚውለውን ቀርከሃ ገና ከመጀመሪያው መለየት አለበት። ለማዕድ ቤት ዕቃ የሚሆነው ያለ ኬሚካል የሚጠበቀው ነው፦ ሦስት ዓመት ገደማ የሞላውን ግንድ ስታርቹ በሚቀንስበት በበጋ መቁረጥ፣ በውኃ ዘፍዝፎ ስታርቹን ማስለቀቅ፣ መቀቀል፣ ከዚያም በጥላ ወይም በማድረቂያ ምድጃ በሚገባ ማድረቅ። ሁለቱ ዓይነት ግንዶች በአንድ መጋዘን ከተቀላቀሉ በዓይን መለየት አይቻልም፤ በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ግን ይለያሉ።

ሙጫና ቅብ

ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚሠራ መክተፊያ ሙጫ ይፈልጋል። ብዙ የእንጨት ሙጫዎች ፎርማልዴሃይድ አለባቸው። ለሙጫና ለቫርኒሽ በኅብረቱ ደረጃ የተሟላ የጋራ ዝርዝር ባይኖርም አጠቃላዩ ደንብ ይሠራባቸዋል፤ አንዳንድ አባል አገሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው ደንብ ቁጥር 2024/3190 ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኬሚካል ከፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን ምግብ ከሚነኩ ቅቦችና ሙጫዎችም አስወግዷል። በኢፖክሲ ቅብ የሚያብረቀርቅ ትሪ ለመላክ ያሰበ አምራች የቅቡን አቅራቢ ስለዚህ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከአንድ ቁራጭ ሽመል የተጠረበና በምግብ ዘይት ብቻ የታሸ ማንኪያ ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ነጻ ነው። በዕቃው ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ነገር አንድ ተጨማሪ ሰነድና አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስከትላል።

ከማይዝግ ብረት ዕቃዎች ጋር ሲነጻጸር

የማይዝግ ብረት ማንኪያ፣ ድስትና ትሪም ልክ እንደ ተፈጥሮ ቀርከሃ በኅብረቱ ደረጃ የተለየ ዝርዝር ደንብ የላቸውም፤ ደንብ 1935/2004 ግን ይሠራባቸዋል። ብረት የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ነው። በዕቃው ላይ የሚታየው «18/10» የሚለው ጽሑፍ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል እንዳለው ያመለክታል። ይህ የውህዱን ይዘት ይናገራል እንጂ ምን ያህል ብረት ወደ ምግብ እንደሚያልፍ አይናገርም።

ክፍተቱን ለመሙላት የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ብረታ ብረትና ውህዶች የቴክኒክ መምሪያ አወጣ። በዚያ መምሪያ መሠረት ወደ አንድ ኪሎ ግራም ምግብ የሚያልፈው ኒኬል ከ0.14 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ከ0.010 ሚሊ ግራም፣ ካድሚየም ከ0.005 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። መምሪያው በራሱ ሕግ ባይሆንም ተቆጣጣሪዎችና ገዢዎች እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለማዕድ ቤት የሚፈቀዱትን የማይዝግ ብረት ዓይነቶች በስም ዘርዝራለች፤ ፈረንሳይም ከ1976 ጀምሮ ለማይዝግ ብረት የራሷ ድንጋጌ አላት።

የቀርከሃ እጀታ ያለው የብረት ጭልፋ ሲሆን ሁለቱም ክፍሎች ለየብቻቸው ይመረመራሉ። እጀታው ደኅና መሆኑ ብረቱን፣ ብረቱ ደኅና መሆኑም እጀታውን አያድንም። ጀበናን የመሳሰሉ የሸክላ ዕቃዎች ደግሞ በመመሪያ ቁጥር 84/500 ይዳኛሉ። ለምግብ ማብሰያ የሸክላ ዕቃ የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም እርሳስና 0.1 ሚሊ ግራም ካድሚየም ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል

የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ዕቃውን በእውነተኛ ወጥ ወይም ሻይ አይፈትኑትም። ምግብን በሚተካ ፈሳሽ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ሙቀት ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያም ወደ ፈሳሹ የገባውን ይለካሉ። ለብረት ዕቃ ኮምጣጣ ምግብን የሚተካው በአንድ ሊትር ውኃ 5 ግራም ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ በሎሚ ውስጥ የሚገኘው ነው። ደጋግሞ አገልግሎት ለሚሰጥ ዕቃ ፈተናው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዕቃው በዋናነት የሚዳኘው በሦስተኛው ውጤት ነው፤ ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ውጤቶችም ገደብ አላቸው። አሲድና ሙቀት የመሸጋገሩን መጠን ስለሚጨምሩ፣ ለደረቅ ዳቦ ደኅና የሆነ ዕቃ ለትኩስ የቲማቲም ስጎ ላይሆን ይችላል።

ውጤቱ ተቀባይነት እንዲያገኝ ገዢዎች ብዙውን ጊዜ ቤተ ሙከራው በአይሶ 17025 መስፈርት ዕውቅና ያለው እንዲሆን ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ የፍተሻና የምስክር ወረቀት አገልግሎት ከሚሰጡት አንዱ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው፤ አገራዊ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። የቤተ ሙከራ ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የፍተሻ ዓይነት ስለሆነ፣ ላኪው «ቤተ ሙከራው ዕውቅና አለው ወይ» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ለዚህ ፍተሻ ዕውቅና አለው ወይ» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሰነዶችና ምልክቶች

ደንብ 1935/2004 ዕቃው ለምግብ የሚውል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም የብርጭቆና ሹካ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። እንደ ማንኪያ ያለ ከቅርጹ ለምግብ መሆኑ ግልጽ የሆነ ዕቃ ይህ ምልክት አያስፈልገውም። በኅብረቱ ውስጥ ያለው ኃላፊ ድርጅት ስምና አድራሻ፣ የዕቃው መለያና አስፈላጊ ከሆነ የአጠቃቀም መመሪያ ግን መኖር አለባቸው። «በእጅ ይታጠብ» ወይም «ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ» የሚል ማሳሰቢያ ለቀርከሃ ዕቃ ተገቢ ነው።

በሕጉ ፊት ቀዳሚው ተጠያቂ በኅብረቱ ውስጥ ያለው አስመጪ ነው። አስመጪው ግን የማያውቀውን ማረጋገጥ ስለማይችል ጥያቄውን ወደ ላኪው፣ ላኪውም ወደ አምራቹ ያወርደዋል። ለፕላስቲክ ዕቃ የተስማሚነት መግለጫ ግዴታ ነው። ለተፈጥሮ ቀርከሃ በኅብረቱ ደረጃ ግዴታ ባይሆንም አስመጪዎች ይጠይቁታል፤ ብሔራዊ ሕግም ሊያዝ ይችላል። አንድ ጭነት ችግር ከተገኘበት በፈጣን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አማካይነት ለሁሉም አባል አገሮች ይነገራል፤ የመነሻ አገሩም በማስታወቂያው ላይ ይጠቀሳል። የአንድ ላኪ ጥፋት ከዚያው አገር የሚመጡትን ሌሎች ጭነቶች ለጥብቅ ፍተሻ ሊዳርግ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀረጥ፣ የዕፅዋት ጤናና ማሸጊያ

ኢትዮጵያ በአነስተኛ ደረጃ ካደጉ አገሮች አንዷ በመሆኗ «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በተባለው የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት ትጠቀማለች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚሠራው በዚህ ሥርዓት ዕቃዎች ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይገባሉ። ለዚህም ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ዋጋው ከ6,000 ዩሮ ለሚበልጥ ጭነት ላኪው በተመዘገቡ ላኪዎች ሥርዓት ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። ከቀረጥ ነጻ መሆን ግን ከደኅንነት ደንብ ነጻ መሆን አይደለም፤ ሁለቱ በተለያዩ ባለሥልጣናት የሚታዩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ የቀርከሃ መክተፊያ 4419.11፣ ሌሎች የቀርከሃ የማዕድ ቤት ዕቃዎች 4419.19፣ የተሸመኑ ቅርጫቶች ደግሞ በ4602 ሥር ይመደባሉ። የማይዝግ ብረት የማዕድ ቤት ዕቃ 7323.93 ነው። ጭነቱ የሚቀመጥበት የእንጨት ሳጥንና ፓሌት አይሶ ሳይሆን አይ.ኤስ.ፒ.ኤም. 15 የተባለውን የዕፅዋት ጤና መስፈርት ማሟላት አለበት፤ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማግኘት ወይም በሌላ የተፈቀደ ዘዴ መታከምና ማኅተም መያዝ ይኖርበታል። ዕቃው ራሱ ፍጹም ሆኖ ሳለ በፓሌቱ ምክንያት ጭነት ሊመለስ ይችላል።

ከአሶሳ አዲስ አበባ በመንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያም በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በመርከብ ይሄዳል። በሚገባ ሳይደርቅ በኮንቴይነር የተዘጋ ቀርከሃ በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ሊሻግት ይችላል። ሻጋታ የያዘ ማንኪያ ደግሞ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው አንቀጽ 3ን ይጥሳል።

የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልገውም» የሚለው ስሕተት ነው፤ ደንቡ ለተፈጥሯዊ ዕቃ ልዩ ፈቃድ አይሰጥም።

«ሲ.ኢ.» የተባለው ምልክት ለኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ለአሻንጉሊትና ለመሳሰሉት እንጂ ለማንኪያና ለሳህን አይደለም። ያለ ቦታው መለጠፉ ራሱ ጥፋት ነው።

የሜላሚንና የፖሊያማይድ ማዕድ ቤት ዕቃዎች ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር መግለጫና የቤተ ሙከራ ውጤት እንዲይዙ የሚያዘው ደንብ ቁጥር 284/2011 ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚነሡ ዕቃዎች ብቻ የወጣ ነው። በሌላ አገር የተሠራ ግን በመነሻው ምክንያት ከአጠቃላዩ ደንብ አያመልጥም።

አንድ ጊዜ የተገኘ ጥሩ የምርመራ ውጤት ለሁልጊዜ አይሠራም። ሙጫው፣ ቅቡ፣ የማድረቂያ ዘዴው ወይም ቀርከሃው የተቆረጠበት ቦታ ከተለወጠ ያ ውጤት አዲሱን ዕቃ አይወክልም። ለዚህም ነው የእያንዳንዱ ዙር ምርት የተቆረጠበትን ቀበሌ፣ የተቆረጠበትን ወርና የታከመበትን መንገድ የሚያሳይ መለያ ቁጥር የሚያስፈልገው። አስመጪው ስለ አንድ ማንኪያ ሲጠይቅ አምራቹ መዝገቡን ገልጦ የግንዱን መነሻ ማሳየት ከቻለ፣ ችግር ቢገኝ እንኳ የሚመለሰው ያ አንድ ዙር ይሆናል እንጂ ሙሉው ምርት አይሆንም።